አባቴን ማን ያዛል?

የራሰ የበቅሎ ኮርቻ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ባለሁበት እቆማለሁ። በቅርቡ እንኳ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ አባሮኝ ከአንድ ግድግዳ ሥር ተጠግቼ ሳለሁ፣ አንድ በቅሎ ነጂ ኮርቻውን አውርዶ ከጎኔ አስቀመጠውና፣ ያ የላብ፣ የሱፍና የጭቃ ድብልቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ረዳቱ «ዳባት! ዳባት!» እያለ ሲጣራ እየሰማሁ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ለእኔ ያ ሽታ አባቴን ልናጣው የደረስንበት ዓመት ሽታ ነው።

አባቴ ይርዳው ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆችን ድንኳንና ስንቅ በሁለት በቅሎዎቹ እየጫነ የሚያደርስ ሰው ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ ከስሎ ይገባና፣ እግሩን ታጥቦ እስኪቀመጥ ድረስ ማናችንም ትንፍሽ አንልም ነበር። በቤታችን እሱን «አንተ» የሚል ልጅ አልነበረም። እማዬም ብትሆን የምትፈልገውን ፊት ለፊት አትነግረውም ነበር፤ ለወንድሟ ለደሴ ትነግረዋለች፣ ደሴ ደግሞ ስለ በቅሎ ስለ ገብስ ሲያወራ ቆይቶ በመሐል ጣል ያደርግለታል፣ አባቴም ራሱ ያሰበው አስመስሎ ይፈጽመው ነበር። ዓይኑን እያየ «ይህን አድርግ» ሊለው የሚችል አንድ ሰው ቢኖር የንስሐ አባታችን ብቻ ነበሩ።

ክረምት ሲገባ ፈረንጅ ይጠፋል፤ በቅሎዎቹ ከቤት ጀርባ ሲግጡ ይውላሉ፣ ኮርቻው እንዲደርቅ እሳቱ አጠገብ ይሰቀላል፣ አባቴም ሥራ ፈትቶ መደቡ ላይ ይጋደም ነበር። በዚያ ክረምት ታላቅ እህቴ ውባለም አስጎብኚ ለመሆን ትማር ነበር። ፈተናው ጥቅምት ላይ ነው፤ ፈታኞቹ እንደ እንግዳ ሆነው ቀርበው በእንግሊዝኛ ያፋጥጣሉ ተብሎ ይወራል። ሽፋኑ የተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ከየት እንደሆነ አግኝታ፣ ምክር በ«ሹድ»፣ ግዴታ በ«መስት»፣ ግምት በ«ማይት» እያለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ሳይቀር ትለፈልፍ ነበር።

«ፈረንጅ ለመገመትም ቃል ይማራል?» አላት አባቴ አንድ ቀን። «እኛስ ዝም ብለን ነው የምንጠረጥረው።»

«እርስዎ ይሳቁ። እኔን የሚጥለኝ ይኼ ነው።»

ጨዋታውን ያመጣው ግን ራሱ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የሰጠውን ሰማያዊ የሱፍ ቆብ ከተሰቀለበት አውርዶ እስከ ቅንድቡ ደፋና፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «እነሆ ፈረንጅ ነኝ። ከፍታው ራሴን አሞኛል። በይ አውርጂኝ» አላት። ውባለም እጇን አጣምራ ጎንበስ ብላ፣ «ሰር፣ ዩ ሹድ ጎ ዳውን» አለች፤ ቢወርዱ ይሻልዎታል ማለቷ ነበር። አባቴ «ኖ! ቱሞሮ ጉድ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላቸው ሲነዳ የለቃቀማት እንግሊዝኛ ያቺው ነበረች። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ውባለም።

«ለምነሽኛላ! ተራራ ላይ የታመመ ሰው ሁሉ ነገ ይሻለኛል ነው የሚለው። በምክር የወረደ አላየሁም። እዘዥኝ።»

«እርስዎን?»

«ፈረንጅ ነኝ አልኩሽ! ቆቡን አታይም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበው ቁጥር እንጫወት ነበር፤ እኔ ወጥ ሠሪ፣ እማዬ የሌላ አገር ቱሪስት፣ እሱ እንቢተኛው እንግዳ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፤ አስጎብኚዋ በወጉ ካላዘዘችው አይነሣም። ውባለም ትሞክራለች፤ ግን «መስት» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ድምጿ ይሰልልና፣ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ክረምቱን ሙሉ አንድም ቀን አልተነሣላትም።

መስከረም ጠብቶ ጭጋጉ ወደ ገደሉ ሥር ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ። አባቴ ማለዳ ኮርቻውን ሊያነሣ ጎንበስ አለና፣ ቀኝ ሆዱን እንደያዘ ቀረ። «ብርድ ነው» ብሎ በቅሎዎቹን ለደሴ ሰጥቶ ሊልክ ቢያስብም፣ ደሴ ሁኔታውን አይቶ አልሄድም አለ። በማግስቱ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰው ጀመር። ሆስፒታል የሚለውን ቃል ግን ማንም ሊያነሣበት አይችልም ነበር፤ ታናሽ ወንድሙን በቃሬዛ ወስዶ በሣጥን ነበር የመለሰው፣ ዘግይተው መድረሳቸውን ሁሉም ቢያውቅም ለእሱ ወንድሙን የበላው ያ ቤት ነው። እማዬ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሰው ላከች። ለክብረ በዓል ወደ መካነ ብርሃን ተሻግረዋል፣ መንገዱም በዝናብ ተቆርጧል ተባለ። ስለዚህ እሳቸውን እንጠብቅ ጀመር።

ሰው ቤቱን ሞላው። ሁሉም ከደጅ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እየተቀመጠ ይገምት ነበር።

«ብርድ ይሆናል፣ ጌሾ ቅጠል ቢቀቀልለት» አለች ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ።

«ኮሶም እንደሆነ ምን ይታወቃል» አለ ሌላው።

ደሴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንዲያው ለነገሩ… አንድ የዛሪማ ሰው እንዲህ ሆኖ ጎንደር ታይቶ ድኗል አሉ። ብንሞክረው አይከፋም ነበር» ብሎ ወደ እሳቱ ተመለከተ።

«ነገ ይሻለኛል» አለ አባቴ።

እኔ ከመደቡ ግርጌ ተቀምጬ አየው ነበር። ሲናገር ፈገግ ይላል፣ ከጋቢው ሥር ግን የእግሩ ጣቶች ተኮራምተዋል። ከንፈሩ ላይ ያረፈችውን ዝንብ አላባረራትም። እማዬም ዝንቧን አየቻት፤ ዓይናችን ተገጣጠመ።

ውባለም ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ድንገት በሰዉ መሐል ሰንጥቃ ሄደች፣ ቆቡን ከተሰቀለበት አወረደች፣ መጥታም በአባቴ ራስ ላይ ደፋችለት። እትዬ ጥሩ «በስመ አብ!» አለች። የአባትን ራስ እንዲያ የነካ ልጅ ያየ አልነበረም።

«ሰር» አለች ውባለም። «ዩ ሹድ ጎ ዳውን።»

አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ አንዲት ጣቱን ከጋቢው አውጥቶ ግራና ቀኝ ወዘወዛት። አይሆንም፣ በወጉ አላዘዝሽኝም ማለቱ ነበር።

እህቴ አየር ሳበች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ካፏ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ዩ መስት ጎ ዳውን! ናው! ስታንድ አፕ!»

ውጭ አንደኛዋ በቅሎ እግሯን መሬት ስትመታ ተሰማ።

«ምን አለችው?» አለ ደሴ።

«ተነሥ ነው የምትለኝ» አለ አባቴ፣ ላቡ በቆቡ ሥር እየወረደ። «አሁኑኑ ነው የምትለኝ።»

«ልጅህ? አንተን?»

«አስጎብኚ ናት፣ ምን ላድርግ» አለና እጁን ዘረጋላት።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ተወሰደ፤ ትርፍ አንጀቱ ነበርና ያንኑ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ውባለም አብራው ሄደች፤ እኔና እማዬ ስልክ እስኪደወል ድረስ እሳት ሳናነድ ተቀመጥን። ተረፈ።

ጥቅምት ላይ ከስቶ ወደ ቤት ሲመለስ ግን ቤቱ እንደ በፊቱ አልነበረም። ደሴ «አባቷን በፈረንጅ አፍ ያዘዘች» እያለ ወሬውን ዳባት ገበያ ድረስ አድርሶት ነበር። አባቴ እህቴን አልተቆጣትም፣ አላመሰገናትምም፤ ጨዋታው ግን ዳግመኛ አልተነሣም፣ ቆቡም ወደ ቦታው አልተመለሰም። እሷ እሱን ስታስታምም ከፈተናው ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ለብቻዋ፣ ወንዙ ዳር እየሄደች ድንጋዩን በእንግሊዝኛ ስታዝ ቆይታ ፈተናውን አለፈች።

አሁን ውባለም ወር ሙሉ ተራራ ላይ ናት፤ እንግዶቿ ከእሷ ቃል ዝንፍ አይሉም ይባላል። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ በቅሎዎቹ ተሸጠዋል፣ ያረጀውን አባቴን የምጦረው እኔ ነኝ። ይብሉ ስለው ይበላል፣ ይተኙ ስለው ይተኛል፣ መድኃኒቱን ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ከመዳፌ አንሥቶ ይውጣል። ባለፈው ሰሞን፣ «አባዬ፣ ትንሽ ፀሐይ ይሙቁ» ብዬ ደጅ ድንጋዩ ላይ አስቀምጬው ወደ ሱቅ ወረድኩ። ስመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ጀምሯል፤ እሱ ትከሻው ርሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ እዚያው ተቀምጧል።

«ምነው አልገቡም?» አልኩት፣ እየሮጥኩ ደርሼ።

«ግባ አላልሽኝማ» አለ።

ያኔ ቤት ሙሉ ሰው አንዲት ቃል ሊያዘው ፈርቶ ነበር። ክንዱን ይዤ «ይነሡ» ስለው ወዲያው ተነሣ፤ እኔም ወደ በሩ እየመራሁት፣ አንዴ ብቻ፣ እንቢ ባለኝ ብዬ ተመኘሁ።