የዊጆው ቅቤና የደረቴ ቃር

ከበላችሁ በኋላ ጋደም ስትሉ፣ የበላችሁት ነገር ኮምጥጦና እየፋጀ ጉሮሯችሁ ድረስ ተመልሶባችሁ ያውቃል? ቃር የማያውቅ ሰው የለም ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ግን ሽምብራ አብዝቶ ስለቆረጠመ ሰው ቃር አይደለም። ቀን በቀን እየመጣ ስለሚያስል፣ ድምፅን ስለሚዘጋ፣ ሰውን «ያ ዳንኩት ያልኩት በሽታ ተመለሰ» ስለሚያሰኝ ቃር ነው። እኔን ይህ ገጥሞኛል። መምህር ስለሆንኩ ነገርን ከመነሻው ካልጀመርኩ አይሆንልኝምና ከመነሻው ልጀምር።

በዶዮገና አካባቢ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ መድኃኒቱን ጨርሼ ነበር፤ በግራ ሳንባዬ የላይኛው ክፍል ላይ የቀረው ቀዳዳ ግን አልዘጋ ብሎ ደም ያስተፋኝ ጀመር። አዲስ አበባ ተላክሁና ያንን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ከብብቴ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባዬ የሚዞር ስፌት ይዤ፣ ክረምቱ ሲገባ ሆሳዕና ዳር ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ተመለስኩ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

በኛ አገር ሕመምተኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ ነውና። አንደኛ፣ ሕመምተኛ ተኝቶ ነው እንግዳ የሚቀበለው። ቁጭ ብሎ ከተገኘ «ታዲያ ምን ሆንክ?» ማሰኘት ነው፤ በዝናብና በጭቃ የመጣውን ሰው ድካም ማቃለል ነው። ሁለተኛ፣ ጠያቂ ያመጣውን ጠያቂው እያየ መቅመስ ግድ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ስለነበር ሰው በደህና የሚሰበሰብበት ቦታ የለቅሶ ቤትና የሕመምተኛ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔን ብዙ ሰው ጠየቀኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩልኛል፣ ከዚያ ወግ ይጀመራል።

«ግማሹን ሳንባ የት ጣሉት?» አሉኝ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው።

«እኔ ተኝቼ ነበር አባባ፣ አላየሁም።»

«የአዲስ አበባ ድመት በልቶት ይሆናል።»

«አይ፣ የሳቸው ነገር!» አለች አንዷ። «የቀረው ግማሽ ይበቃዋል። ድሮም ሲያስተምር እስከ ገበያ ይሰማ ነበር ይባላል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። እናቴ ቶሎ ብላ ሳህኑን አቀረበች።

ሳህኑ ውስጥ ያለው አተካና ነበር፤ ከቡላና ከወተት ተሠርቶ ቅቤ የሚዋኝበት፣ ለአራስና ለተከበረ እንግዳ የሚቀርበው ምግባችን። ቅቤው ደግሞ ተራ ቅቤ አልነበረም። እናቴ ዊጆ ነበራት። ዊጆ ማለት ሴቶች ቅቤያቸውን በተራ ለአንዷ የሚያዋጡበት ማኅበር ነው፤ አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት እንኳ ተራዋ ሲደርስ እንስራ የሚሞላ ቅቤ ታገኛለች። የእናቴ ተራ ገና ሩቅ ነበር። ሴቶቹ ግን ደረቴ መቆረጡን ሲሰሙ ተሰብስበው ተራቸውን ለእሷ ለቀቁላት። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ሲመጣ አይቻለሁ። እናቴ እየተቀበለች እንስራው ውስጥ ትከት ነበር።

ቁስልን የሚያለሰልሰው ቅቤ ነው ብለን እናምናለን። የላዩ ቁስል ይቀባል፣ የውስጡ ይጠጣል። እኔም፣ የሰውን አካል ክፍሎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለው መምህር፣ ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። ሳሉ ሲበረታ እናቴ ቅቤ ትጨምራለች፤ ቅቤው ሲጨመር ሳሉ ይበረታል። ማታ ማታ ጠያቂ ከወጣ በኋላ ትልቁን ሳህን ታመጣና «ብላና ቶሎ ተኛ፣ ተኝተህ ነው ገላ የሚሆንህ» ትለኛለች። በልቼ እተኛለሁ። ብዙም ሳይቆይ ያ የሚፋጅ ነገር ከእምብርቴ በላይ ይነሣል፤ ስፌቱ ውስጥ እሳት የገባ ይመስለኛል፤ አፌ ይኮመጥጣል፣ ያፍነኛል፣ እነሣለሁ። ጠዋት ድምፄ የተሰነጠቀ ዋሽንት ነው።

ነሐሴ ላይ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሊጠይቁኝ ከዶዮገና ወረዱ። ስኳር ይዘው ነበር የመጡት። ስስል አዳመጡ።

«ጓድ መምህር» አሉኝ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቀው፣ «ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ወላጆች ከወዲሁ እየጠየቁኝ ነው። ያ ሳል ካለቀቀህ መስከረም ላይ ክፍል ላስገባህ አልችልም። የመጻሕፍት መጋዘኑ ውስጥ ግን የሥራ ቦታ አለ።»

«ሐኪሞቹ ድነሃል ብለውኛል።»

«ይህን ለሳልህ ንገረው» አሉ። በክፋት አልነበረም። ሲወጡ ትከሻዬን በቀስታ ነካ አድርገው ነው የሄዱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ መጋዘኑ ሆነ። መጋዘኑን አውቀዋለሁ፤ መስኮት የለውም፣ ከጎኑ ካለው ክፍል የልጆች ድምፅ ይሰማል። ሌላ ሰው ሲያስተምር እዚያ ተቀምጦ መስማት ከሞት የሚሻልበትን ምክንያት ፈልጌ ላገኝ አልቻልኩም።

ሆሳዕና ሐኪም ቤት የሄድነው በዚሁ ፍርሃት ነው። እናቴ አብራኝ መጣች። ራጅ ተነሣሁ፣ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱ ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

«ንጹሕ ነው። አክታህም ንጹሕ ነው። መቼ መቼ ነው የሚያስልህ?»

«ጋደም ስል።»

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«ምንድን ነው የምትበላው?»

እናቴ አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ይህችን ጥያቄ ግን ገባት። ከበሩ አጠገብ ሆና በሀዲይኛ መለሰች፤ እኔ ተረጎምኩ። «ያላበላሁት ምን አለ በለው! ጠዋት አተካና፣ ቀን ቆጮ በቅቤና በሚያቃጥል ዳጣ፣ ማታ ደግሞ ጠዋት የበላውን እጥፍ። ሴቶቹ ተራቸውን እንኳ ሰጥተውታል።» በኩራት ነበር የተናገረችው።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ነገሩን አስረዳኝ። ከሳንባዬ ተቆርጦ የወጣው ክፍል ባዶ ቦታ ትቷል። ቦታውን ለመሙላት ሆድንና ደረትን የሚለየው ሥጋ ወደ ላይ ተስቧል፤ ጨጓራዬም አብሮ ተጎትቷል። የጨጓራው አፍ እንደ ድሮው አጥብቆ አይዘጋም። ሆዴ በቅባት ሲሞላና ስተኛ አሲዱ ወደ ላይ ይፈስሳል፤ የሚያስለኝም እሱ ነው። ቅቤ፣ ዳጣ፣ የኮመጠጠ ቆጮና ቡና ይቅሩ። ጥቂት ጥቂት፣ ሳይመሽ ብላ። ከበላህ በኋላ አትተኛ። የአልጋህን ራስጌ ከፍ አድርግ፣ አለኝ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንድ ሙሉ ቀበሌ አስተምሬያለሁ። እንደዚያ የከበደኝ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። «የሚያስለኝ ቅቤው ነው ይላል» አልኳት።

ሐኪሙን አየችው። እኔን አየችኝ። «ለስንት ቀን ነው የሚቀረው?»

ጠየቅሁት። «ምናልባት ለሁልጊዜ» አለ።

ይህንንም ነገርኳት። የቤታችን በር ላይ ደርሰን ጭቃ ከእግሯ ስትፍቅ ቀና ሳትል «አባትህ ቅቤ አልፈልግም ባለ በሳምንቱ ነው የሄደው» አለችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእኔ ቅቤውን መተው ወደ ክፍሌ መመለሻ መንገድ ነበር። ለእሷ ግን አንድ ጊዜ ያየችው መንገድ ነው፤ ወዴት እንደሚወስድም ታውቀዋለች።

እንደተባልኩት አደረግሁ። ከባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ጉራጅ ቆርጬ ከአልጋዬ ራስጌ እግሮች ሥር አስገባሁ። እንግዳ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ተቀበልኩ። የተቀቀለ ድንችና ቅቤ የሌለበት የገብስ አጥሚት ጀመርኩ፤ እናቴ እየሠራች ታቀርብልኛለች፣ ስበላ ግን አታየኝም፤ ፊቷን ወደ እሳቱ ታዞራለች። የዊጆው ሴቶችም ሰምተው መጡ።

«አልጋህ ዳገት ወጣ እንዴ?» አለች አንዷ ገና ከመግባቷ።

የማኅበሩ እናት የሚባሉት ሴትዮ ግን አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ ቅቤያችን ምን አጎደለብህ? ነቅፈህብን ነው?»

ከመናገር ማሳየት ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። ቅል አምጥቼ በውኃ ሞላሁና አፉን በጨርቅ ላላ አድርጌ ወተፍኩ። «ይህ የእኔ ጨጓራ ነው። ሲቆም ተመልከቱ፤ አይፈስስም። አሁን ደግሞ ላስተኛው።» አስተኛሁት። ውኃው በጨርቁ ዙሪያ አልፎ መሬቱ ላይ ወረደ። ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት አስገብቼ አፉን ከፍ አደረግሁት፤ መፍሰሱ ቆመ።

«ታዲያ ውታፉን አታጠብቀውም!» አለች ያችው ቀልደኛ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋም ፈገግ አሉ፤ «አንድዬ ያጥብቅልህ» ብለው ባረኩኝ። እናቴ ብቻ ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የፈሰሰውን ውኃ ታብስ ነበር።

ሳሉ በአንድ ጊዜ አልተወኝም። መጀመሪያ የማታው ቀረ፣ ከዚያ የጠዋቱ። ድምፄ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ አሁንም ከኋላ ወንበር አይደርስም። መስከረም ደረሰና ሻንጣዬን ዘጋሁ።

ቅቤው እንስራው ውስጥ እንዳለ ነበር። ለሕመምተኛ የተሰጠ ቅቤ ለዊጆው አይመለስም፣ ገበያም አይወጣም። በምሄድበት ጠዋት እናቴ በርጩማ አቅርባ «ተቀመጥ» አለችኝ። ከእንስራው በመዳፏ ሙሉ ዘግና አናቴ ላይ አኖረችው።

«አፍህ እምቢ ካለ ራስህ ይጠጣው።»

እንደ ሙሽራ ቅቤ ተቀብቼ በጭነት መኪና ወደ ዶዮገና ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ቅቤው በጆሮዬ ሥር ወደ ኮሌታዬ ሲወርድ ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ዲሬክተሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚያዳምጡት ትምህርቱን ሳይሆን ደረቴን ነበር። ደወሉ እስኪደወል አልሳልኩም። ተነሥተው ወጡ። የመጋዘኑ ወሬ ዳግመኛ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ለገና ቤት ስመጣ ግን ያ የቅቤ እንስራ ባዶውን በደጃፉ ተደፍቶ አገኘሁት። እናቴ ቆጮዋን ያለ ቅቤ፣ በደረቁ ትበላ ነበር። ከዊጆውም ወጥታለች።

«እማ፣ አንቺን ምን አገኘሽ? ያመመኝ እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

«አንተ የማትበላውን ለማን ብዬ ላጠራቅም?»

ተመለሺ ብዬ ለመንኳት። ሴቶቹም ለመኗት። አልተመለሰችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡበት ቤት ከእኛ ቤት ይታያል፤ ሳቃቸውም ይሰማል። እሷ ግን ያን ጊዜ ጠብቃ ወደ እንሰቱ ጓሮ ትገባለች። ድንግዝግዝ ሲል ተመልሳ የአልጋዬን ጉራጆች በእግሯ እየነካች መጽናታቸውን ታያለች፤ እኔ በሌለሁበት ወራት እንኳ አላወጣቻቸውም። እኔ ክፍሌን አገኘሁ፣ እሷ ማኅበሯን አጣች። ይህንን በሰሌዳ ላይ ስዬ የማስረዳበት መንገድ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ስለዚህ ቃር ያስቸገራችሁ ሰዎች፣ በተለይ ደረታችሁ የተከፈተ፣ ይህን ሞክሩት። ሳይመሽ ጥቂት ብሉ፤ እንግዳ ፊትም ቢሆን ቁጭ በሉ፤ ከአልጋችሁ ራስጌ እግሮች ሥር ሁለት ጉራጅ እንጨት አስገቡ። እናታችሁ በሕይወት ካለች ግን እንጨቱን እናንተ አትቁረጡት፤ ቅቤው ሲቀርባት ይህ እንኳ ይትረፋት። ጥሯትና እሷ ትምረጠው፣ እሷ ታስገባው፣ ከፍታውንም እሷ በእጇ ትለካው። እኔ ያንን አልሞከርኩም፤ እናንተ እስቲ ሞክሩት።