እባክዎ እዚህ ይጫኑ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ቁጣዬን፣ ትዕቢቴን፣ ጾም መሻሬን ስናዘዝ ይህችን አንዲቱን እየዘለልሁ አልፌአለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «አባቴ፣ ኮምፒውተር ላይ ያልሆነ ቦታ ነካሁ» ብላቸው ስቀው ያሰናብቱኝ ነበር። ይስቃሉ ማለቴን ምሽግ አድርጌ ኖርሁ። ኃጢአቴ ግን መንካቴ አይደለም። ነክቼ መካዴ ነው፤ ክጄም ማስተማሬ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በወጣትነቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ወደ ሐረር መጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ቋንቋ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ በማስተማር ነው። ታላቁን «አንተ» ብሎ የሚጠራ ተማሪ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይማር እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። የሐረር ሰው ደግሞ አንቱታ አያበዛም። ሽማግሌውንም ሹሙንም በፍቅር «አንተ» ይላል። እኔ ፍቅሩን አላየሁትም። ስድነት አልሁት፤ እንደ ስድነትም ስቀጣው ኖርሁ።

ነጃት በጀጎል ግንብ በፈላና በር አጠገብ ጎረቤቴ ናት። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የታወቁ ስፌት ሰፊ ነበሩ፤ የሠርግ ዘፈን በማወቅም በጀጎል የሚስተካከላቸው አልነበረም ይባላል። ነጃት በሕመማቸው ወራት አጠገባቸው ተቀምጣ ዘፈኖቹን በስልኳ ቀዳች። ስልኩ ሊበላሽ ሲል ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሯ አዛወረችው። ሌላ ቅጂ አልነበረም። በዘፈኖቹ መካከል እናትየው ያስላሉ፣ ዶሮ ያባርራሉ፣ ውሃ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ደግሞ ድሬዳዋ ለምትኖረው ለታላቂቱ ልጃቸው ለዘሃራ የተዉት ቃል ነበር። ዘሃራ ያን ጊዜ አራስ ስለነበረች እናቷን ሳትሰናበት ቀርታለች። ነጃት ቃሉን በስልክ አልልክም አለች። «መጥታ እማ ትተኛበት ከነበረው መደብ ላይ ቁጭ ብላ ትስማው» ብላ አቆየችላት።

በሐረሪ ቋንቋ የተዘፈኑትን ዘፈኖች በአማርኛ ጽሑፍ እንዳስቀምጥላት የለመነችኝ እሷ ናት። እሷ ትርጉሙን ትነግረኛለች፣ እኔ አማርኛውን አቃናለሁ። የእናትየው አንደበት ፈጣን ስለነበረ ድምፅ የሚያዘገይ ፕሮግራም አስፈለገን። አንድ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ የሚገኝበትን ገጽ ከፍታልኝ ወደ ገበያ ልትወጣ ሻርፗን ታስተካክል ጀመር።

«ጋሽ ታደለ፣ አንተ ትንሿን ቁልፍ ንካ» አለችኝ። «ትልቁ ውሸታም ነው።»

«እርስዎ ማለት ምን ያህል ይከብድሻል?» አልኋት፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሳቀች። «አላህን ራሱን አንተ ነው የምለው። አንተ ከሱ ትበልጣለህ እንዴ?»

እኔስ በጸሎቴ ፈጣሪዬን ምን ብዬ ነው የምጠራው? እውነት መናገሯ ግን አናደደኝ፤ እሷ ስትወጣ ከንዴቴ ጋር ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ፊት ቀረሁ።

ገጹ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ከታች ግራጫ፣ ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ «አውርድ» ይላል። በቃ፣ አውርድ። እንደ ተላላኪ። ከላይ ደግሞ ሰፊ አረንጓዴ ሳጥን አለ፤ ቀስቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እንዲህ ይላል፦ «እባክዎ እዚህ ይጫኑ። ፕሮግራሙ ለእርስዎ ተዘጋጅቷል።» ፊደሉ አልተገደፈም፣ አራት ነጥቡ በቦታው ነው፣ አንቱታው ሙሉ ነው። ነጃት ትልቁ ውሸታም ነው ብላኛለች። ሰምቻታለሁ። በሚገባ ሰምቻታለሁ። ነገር ግን በልቤ ምን አልሁ? እንዲህ ያለ የተቀጣ አማርኛ የሚጽፍ አይዋሽም አልሁ። አከበረኝና ነካሁት።

መጀመሪያ ምንም የሆነ አልመሰለኝም። ከዚያ የዘፈኖቹ ስም ፊት ለፊቴ ይለዋወጥ ጀመር፤ ከእያንዳንዱ ስም ኋላ የማላውቀው የላቲን ፊደል ተቀጠለ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ወጣ። እንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ አልገባኝም ለማለት የምችል ሰው አይደለሁም። ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፣ ያለ እኛ ፈቃድ አይከፈቱም ይላል። አንዱን ዘፈን ለመክፈት ሞከርሁ። እምቢ አለ። ለዘሃራ የተተወውን ቃል ሞከርሁ። እምቢ አለ። የኮምፒውተሩን ክዳን አጠፍሁት።

ነጃት ተመለሰች። «አወረድከው?» አለችኝ።

«አልጀመርሁም» አልኋት። «ዓይኔን ደከመኝ።»

ይኸው ነው። ውሸቴ ይህችን ታህል ናት። ያኔውኑ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ኮምፒውተሩን አጥፍታ ወደ ባለሙያ ትሮጥ ነበር፤ ምናልባት አንዲት ዘፈን ትተርፍ ነበር። ይህን ምናልባት ማንም ሊፈታልኝ አይችልም።

በማግስቱ ዘፈኖቹ አንከፈትም ሲሏት ኮምፒውተሩን ታቅፋ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወዳለ ጠጋኝ ስትሄድ አብሬአት ሄድሁ። ለምን ሄድሁ? ጥፋቴ ይታወቅብኝ እንደሆነ ለመስማት ነው እንጂ ላግዛት አይደለም። ጠጋኙ ከመረመረው በኋላ የማይሆን ነገር እንደሆነ ነገራት። «ሰሞኑን ምን ዳውንሎድ አድርገሽ ነበር?» አላት። አሰበች። «መንዙማ አውርጄ ነበር» አለች። «ወላሂ ትንሿን የነካሁ መስሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረች፤ ጋሽ ታደለ፣ ስቼ ይሆን እንዴ በሚል ዓይን። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። «ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር» አልኋት። አዎን፣ ብያታለሁ። በዚህ አፌ።

ዘሃራ ከድሬዳዋ የመጣች ዕለት እዚያው ነበርሁ። ነጃት እያለቀሰች የእናታቸውን ቃል ከትዝታዋ ልትነግራት ጀመረች። ዘሃራ አስቆመቻት። «አንቺ የምትነግሪኝ ያንቺን ድምፅ ነው» አለቻት። «እማን ሁለተኛ ቀበርሻት።» እኔ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሻዩን ጠጣሁት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ለዒድ እንኳ አይጠያየቁም፤ የዘሃራ ልጅ አክስቷን ሳታውቅ እያደገች ነው። ነጃትም ስለ ዘፈን ተናግራ አታውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ፈሪ ብቻ በሆንሁ ነበር። አላቆምሁም። ሐፍረቴ እንቅልፍ ሲነሳኝ ስለ ሐሰተኛ ቁልፎች መማር ጀመርሁ፤ ከተማርሁም በኋላ በአዳራሽ ለጡረተኞች አስተማሪ ሆንሁ። በአዳራሹ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እውነተኛው ቁልፍ አይብለጨለጭም፣ አያቻኩልም አልኋችሁ። ቀስቱን አሳርፋችሁ ሳትጫኑ ቆዩ፤ ከግርጌ ብቅ የሚለው አድራሻ ከገባችሁበት ገጽ አድራሻ ከተለየ እጃችሁን ሰብስቡ አልኋችሁ። በአንድ ገጽ ላይ ብዙ «አውርድ» ካያችሁ ዋናው አንዱ ብቻ ነው አልኋችሁ። ትምህርቱ ልክ ነው፤ ያዙት። ግን ምሳሌዬን አስታውሱ። «አንዲት የጀጎል ሴት መንዙማ ላወርድ ብላ የእናቷን ድምፅ አጠፋች» አልኋችሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ አለመጥራቴንም ጨዋነት ብዬ ቆጠርሁት። ሁሉ በሚተዋወቅበት በጀጎል ግንብ ውስጥ ስም መጥራት ያስፈልጋልን? ያን ሳምንት ነጃት በመንገድ ስታየኝ ዓይኗን ሰበረች። የሰበረችው አፍራ ነው፤ በእኔ ሳይሆን በራሷ አፍራ። ከዚያም በኋላ ምሳሌውን ደገምሁት። አድማጭ «አይ ወዮ» ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

አንቱታ አታለለኝ ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። አላመካኝም። ያ ሳጥን የሠራው ከእኔ ውስጥ ባገኘው ነገር ነው። መከበርን ከእውነት አስቀድሜ የምወድ ሰው ባልሆን የነጃትን ቃል እሰማ ነበር፤ የነገረችኝ እውነቱን ነበርና።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት፣ ከእናንተ በፊት እሷ ልትሰማው ይገባል ብዬ ትናንት በቀትር ሄጄ ነገርኋት። ግቢዋ ውስጥ ቆማ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋም ዘረጋችልኝ። «ለእኔ አይደለም» አለች። «ለሷ ንገር።»

«ማን ልበል?» አለ የዘሃራ ድምፅ።

ስሜን ተናገርሁ። ከዚያ ያደረግሁትን ሁሉ፣ መንካቴን፣ መካዴን፣ ራሴን መነቅነቄን፣ አዳራሹን ሳይቀር ተናገርሁ።

«ስልኩን ለነጃት ስጣት» አለችኝ ዘሃራ።

ሰጠኋት። ልሰማው የሚገባኝ ነገር አልነበረምና ወደ በሩ ሄድሁ። ነጃት መናገር ስትጀምር ግን ድምፅዋ የግቢዋን ግንብ አልፎ መንገድ ድረስ ተከተለኝ፤ በገዛ ቋንቋቸው፣ በሐረሪ፣ ቀስ እያለች፣ እንደሚነበብ ነገር። የእናታቸውን ቃል ትነግራት ይሆናል። እኔን ትረግመኝ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘመን በመካከላቸው ኖሬ ቋንቋቸውን አልተማርሁም፤ ስለዚህ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ይቅርታ አልለመንኋቸውም። ብለምን ኖሮ እነዚያ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ እንዲያስቡ መጠየቄ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ሊያስቡ የሚገባቸው ስለ እኔ አልነበረም።