ምንም እንዳይሠራ የሚጠብቁት ሰውዬ

ኦፓል አሜሪካ ውስጥ፣ ቼሳፒክ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ ወንዙ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት መንገድ ዳር፣ ቅቅል ሸርጣን ትሸጣለች። ማዶ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ስማቸውን አታውቅም፤ የምታውቃቸው በባርኔጣቸው ነው። እስከ ጭናቸው የሚደርስ የጎማ ቦቲ ይጫሙና፣ ሮዝ ሪባን የታሰረበት የሴት የገለባ ባርኔጣ ይደፋሉ። ፊታቸው ኮስታራ ስለሆነ ደፍሮ የሚስቅባቸው የለም።

መንግሥት እሳቸው የሚቀመጡበትን የባሕር ዳር ረግረግ ከፍሎ የገዛው ማንም ምንም እንዳይሠራበት ነው። ሽማግሌው ደግሞ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ "መገንባት ክልክል ነው" ከሚለው ሰሌዳ ሥር ወንበራቸውን ዘርግተው አለመሠራቱን ይቆጣጠራሉ።

"ዛሬስ እንዴት ነው፣ ጋሼ?" ትላቸዋለች።

"ምንም የለም! ሥራው በደንብ እየሄደ ነው።"

በጸደይ አንዲት ዓሣ አዳኝ ንስር ጭራሮ እያመላለሰች እዚያው ሰሌዳ አናት ላይ ትከምር ጀመር። ሽማግሌው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

"አንቺ! ማንበብ አትችይም? የታለ ፈቃድሽ?"

ንስሯ ከቁብም አልቆጠረቻቸው። ኦፓል በሳቅ ድስቱን ልትደፋው ምንም አልቀራት።

በማግስቱ ሽማግሌው ያለ ባርኔጣ መጡ። ሮዙ ሪባን ከንስሯ ጎጆ ጫፍ ላይ ይውለበለባል።

"ቀማችዎት እንዴ፣ ጋሼ?"

"ምን ትቀማኛለች! መሰላል ተውሼ እኔው ሰጠኋት" አሉ። "ባርኔጣው የባለቤቴ ነው። ባሕሩ ዳር ቤት ሥራልኝ እያለችኝ ሳልሠራላት ሞተች።"

ከዚያ ሕገ ወጡን ግንባታ እንዳያዩ ወንበራቸውን አዙረው፣ ለሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ጥበቃቸውን ቀጠሉ።