ከደብተሩ ጀርባ

ልብስ ሰፊዋን አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ሦስት ጠብታ ደም ነው፤ አንዱ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ፣ አንዱ ከምሳ በፊት፣ አንዱ ከእራት በኋላ። ስኳር አለባት። «በልብስ መርፌ የምወጋው አይቆጠርም፤ እሱ ሥራ ነው» ትላለች እየሳቀች።

ድሮ የስኳሯን ቁጥር የምትጽፈው የደንበኞቿን ልክ በምትይዝበት ደብተር ላይ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የጎረቤቷን የወገብ ልክ ያየች መስሏት የራሷን ስኳር አይታ ጨርቅ ቆረጠች፤ መቶ አርባ ሁለት! ጎረቤቷ ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና፣ «አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ እኔንም ባሌንም ይይዛል!» አለች። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባሏ ስልኳ ላይ የስኳር መመዝገቢያ መተግበሪያ የጫነላት በዚያው ሳምንት ነው።

ደብተሩ ቢያሳስታትም አላወራባትም። ስልኩ ግን አወራ፤ ለካ የመተግበሪያው ኩባንያ የመዘገበችውን ለሌሎች ይሸጥ ኖሯል። መጀመሪያ የስኳር ሕመምተኛ ጫማ ማስታወቂያ ይጎርፍባት ጀመር። ቀጥሎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት የሙሽራ እናት ጨርቅ ስታማርጥ ስልኩ ጮኸ። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«ከኢንሹራንስ ነው። የስኳር ሕመምተኛ መሆንዎን የሚገልጽ መረጃ ደርሶናል...»

የሙሽራዋ እናት እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። «ልጄ፣ የስድስት ሚዜ ልብስ ነው። መሀል ላይ ብትታመሚብኝስ?»

«እማማ፣ ስምንት ዓመት ከነስኳሬ ሰፍቻለሁ። ቀጠሮ አሳልፌ አላውቅም።»

«እስቲ ልማከር» ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት የሥራው ነገር ብቻ አይደለም፤ የገዛ ገላዋን ነገር ከእሷ ቀድሞ ሌላ ሰው መናገሩ ነው።

አዲሱ ሕግ የወጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሰው የጤና መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሸጥም፣ ባለቤቱ ይጥፋልኝ ካለም ይጠፋል ይላል። «ኩባንያ ላንቺ ደብዳቤ ሊመልስ?» ብሎ ባሏ ቢያሾፍባትም፣ አጥፉልኝ ብላ ለመተግበሪያው ኩባንያ አራት መስመር ጻፈች። በሃያ አንደኛው ቀን መልስ መጣ፤ መረጃዋ ተሰርዟል፣ መረጃው የተሰጣቸውም እንዲሰርዙ ተነግሯቸዋል። ባሏ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገች።

የሙሽራዋ እናትም ተመለሰች፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዳ አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዝሞባት። ልብሱ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰላት።

አሁን ስኳሩ ወደ ደብተሩ ተመልሷል፤ የደንበኛ ልክ ከፊት፣ ስኳር ከጀርባ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ልብስ ልታሰፉ ከመጣችሁ ታዲያ አደራ ትላለች፦ «ደብተሬን ከጀርባ አትግለጡብኝ። ማወቅ ከፈለጋችሁ ጠይቁኝ፤ ደስ ካለኝ ራሴ እነግራችኋለሁ።»