ከግድግዳ የማያልፍ ድምፅ

ወንደሰን እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ጤና የለውም። አሶሳ ገበያ ጥግ ስልክና ሬዲዮ ሲጠግን ሃያ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልቀለደበት ሰው የለም። ሰዉም ይስቅለታል፤ ያበላሹት እነዚሁ ሳቂዎች ናቸው።

ከሱቁ የጣውላ ግድግዳ ማዶ የዝናሽ የምትባል ሴት ለውዝ ትቆላለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሯቸው እሷን በአንድ መኪና፣ ታላቅ ወንድሟን ምንያህልን በሌላ ጫኗቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አንድ ቀን በአፋልጉኝ ማስታወቂያ ይጠራኛል ብላ አርባ ዓመት ሬዲዮዋን ከጎኗ አልለየችም። ይህን ለወንደሰን የነገረችው ራሷ ናት፤ ሬዲዮዋን ልታሠራ በሄደች ቁጥር።

ከጥቂት ወራት በፊት ወንደሰን ከአሮጌ ሬዲዮ ትራንዚስተር ነቅሎ፣ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፣ የስልክ ማይክ በየደበት። ማንም ጀማሪ የሚሠራት የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ናት፤ ከአሥር እርምጃ አታልፍም። የዝናሽ በምትከፍተው ጣቢያ ላይ አስተካከላትና ድምፁን አጎርንኖ፣ "የዝናሽን የምታውቁ፣ ወንድሟ ምንያህል ማንኩሽ ከተማ ይጠብቃታል" አለ። ማዶ እልልታው ሲቀልጥ አፉን በክንዱ አፍኖ ሳቀ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወዲያው ሊነግራት ይችል ነበር፤ እሱ ግን አብሮት የሚስቅ ሰው ሊጠራ ሄደ። ሲመለስ ለውዙ ምጣዱ ላይ አርሯል፤ እሷ መኪና ተሳፍራለች።

በዘጠነኛው ቀን እግሯ አብጦ መጣች። ማንኩሽን ቤት ለቤት አዳርሳለች። አንድ ሽማግሌ ምንያህል መስሏት አቅፋው ስታለቅስ፣ ሰውየው ገፍትሮ ጥሏታል።

"ወንዴ፣ የአገሩን ስም አዛብቼ ሰምቼ ይሆን?" አለችው።

ወንደሰን ከመቀመጫው ተነሣ። "እትዬ የዝናሽ፣ እኔ ነኝ። ለቀልድ ብዬ ነው።"

አላመነችውም። እንድታምነው ማሰራጫዋን አውጥቶ ያንኑ ቃል ደገመላት፤ ቃሉ ከሬዲዮዋ ወጣ። የዝናሽ አልተራገመችም። ሬዲዮዋን እሱ ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ብትረግመው በወደደ።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ሬዲዮ በተናገረ ቁጥር "ዝጉት፤ ወንደሰን ነው" ትላለች። ጎረቤቶቿን ያስቃቸዋል።

ባለፈው ሰኞ አጠገቧ ሻይ የምትሸጠው ኢኽላስ ሬዲዮ ከፍታ ነበር። የአፋልጉኝ ሰዓት ነው። አንባቢዋ፣ "በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከእህታቸው በመኪና የተለያዩ..." እንዳለች፣ የዝናሽ ቀና ሳትል፣ "ዝጊው፤ ወንደሰን ነው" አለች።

ኢኽላስ ዘጋችው። ከግድግዳው ማዶ ወንደሰን የዝናሽ ትታው የሄደችውን ሬዲዮ አንሥቶ ጣቢያውን እስኪያገኝ፣ ማስታወቂያው አልቆ ሙዚቃ ገብቷል።