በአናጺው ጣት ስር

አናጺው ዓይኑን አያምንም። እንጨቱን ልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ይዳብሰዋል። ከብርሃን የተደበቀች ሸካራ ቦታ ከጣቱ አታመልጥም።

የሥራ ባልደረቦቹ «ቋጠሮ» ይሉታል። ከልጅነቱ ጀምሮ በጉልበቱ፣ በትከሻው፣ በክንዱ አጥንት ላይ ደረቅ ጉብታ እየበቀለበት ነው ያደገው። ልም አጥንት ያለ ቦታው በቅሎ እየጠነከረ የሚሠራው ዕጢ ነው፤ ካንሰር አይደለም ብለውታል ሐኪሞች። ከጉብታዎቹ ሁለቱ ነርቭ ስለተጫኑ በቀዶ ጥገና አወጡለት። ግራ ክንዱ ግን አጥሮና ጎብጦ ቀረ።

«ዛሬስ በየት በኩል በቀለብህ?» ይለዋል አጠገቡ የሚሠራው።

«ምነው አንዱ እንኳ ምላስህ ላይ በበቀለና ባረፍን።»

ሚስቱ ሳይጋቡ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃዋለች። «ለልጅ ይተላለፋል እንዴ?»

«ኧረ የለም» አላት። አባቱም እንደሱው ነበሩ። ይህን አልነገራትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአምስት ዓመት ልጁን እግር ሲያጥብ እጁ ከጉልበቷ በላይ ቆመ።

«አባ፣ ይኮረኩራል» ብላ ሳቀች።

ዓይኑን ጨፈነ። ሌላኛውን ጉልበት ዳበሰ፤ ልስልስ ነው። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። አለ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ከቆዳው ስር፣ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀች።

ሰኞ ለእናቷ ሳይነግር ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችው። የልጁን አጥንት ከውስጥ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ከጎኑ ትንሽ ቡቃያ ያወጣ።

«አያስጨንቅህ፣ ክፉ ዕጢ አይደለም። ግን እሷ እስክታድግ ድረስ እሱም ያድጋል። ሌላም ሊወጣ ስለሚችል በየጊዜው ታመጣታለህ። እናቷ የት አለች?»

ማታ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ የሚስቱን እጅ ያዘና የልጅቷ ጉልበት ላይ አኖረው።

«ምንም የለም እኮ» አለች ሚስቱ።

«ትንሽ ጫን አድርጊው።»

ጫን አደረገች። ጣቷ ቆመ። ልጅቷ የሁለቱንም ፊት እያፈራረቀች ታያለች።

«ከማን ነው ያንተ?» አለች ሚስቱ በቀስታ።

«ከአባቴ።»

«ያኔም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሚስቱ የልጅቷን ቀሚስ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጉልበቷን ሸፈነችና አቅፋ አስተኛቻት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን የምታጥባት እናቷ ናት። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «አድጓል?» ይላል። ትሰማዋለች፤ አትመልስለትም።