የልጄ ውኃ

ዘንድሮ በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ከደብረ ማርቆስ ወደ እናቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። መንደራችን ከደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ ሜዳው አልቆ የዓባይ ገደል ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውኃ ማፈላለግ ስለሆነ ለእናቴ «ውኃ ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» ስላት ኖሬያለሁ። አሁን ቦታውን መርጬ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ውኃ እየሰጠ ነው።

የጉድጓዱ ውኃ የሚቀዳበት ቦኖ ጋ ስደርስ ግን ሰው የለም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ ይወርዳሉ።

እናቴ ለነገው ጉልባን ጥዳለች። ወደ ማታ ላይ ልትቀምስ አንዲት የባቄላ ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመረች። ጥርሶቿ ካለቁ ቆይቷል። ፍሬዋን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው ስታመላልስ አየኋትና «በምን ውኃ ነው የጣድሽው?» አልኳት።

«በምን ይሆናል? በአንተው ነዋ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የምንጩ ውኃ ከላይኛው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ የሚወጣ ነው፤ ዝናቡ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ስለሚወጣ ከድንጋዩ የሚወስደው ጥቂት ነው። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ግን ኖራና ጀሶ አለ፤ ገደሉ ላይ ነጣ ብሎ ለማንም ይታያል። እዚያ ብዙ ዘመን የተኛ ውኃ ኖራውን ይዞ ነው የሚወጣው። ሰው አይጎዳም፤ ግን ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም፣ ባቄላም አልበስል ይላል። ሲቆፈር የድንጋዩ ዱቄት ከጥቁር ወደ ነጭ ሲለወጥ ቆሜ አይቻለሁ። የውኃው ብዛት አስጎምጅቶኝ «ቀጥሉ» አልኩ። ለጤና ደህና መሆኑን አስመረመርኩ፤ ስለ እናቴ ድስት ግን አላሰብኩም። በጣም አፈርኩ።

«ለምን እንደ ሰው ከምንጩ አታስቀጂም?»

«ሰውስ ይተወው። እኔ ስተወው ምን ይባላል? የገዛ እናቱ እንኳ ናቀችው አይሉም?»

ጾሙን ንፍሮም ክክም ትታ በሽሮ ብቻ እንደከረመች ያኔ ነገረችኝ፤ ያውም እየሳቀች።

ጀሪካን አንሥቼ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ። «በጓሮ ዙር» አለች፤ «ሰው እንዳያይህ።»

በፊት ለፊት፣ በቦኖው አጠገብ መሄድ ነበረብኝ። በጓሮ ዞርኩ። እናቴም ባመጣሁት የምንጭ ውኃ ሌላ ጉልባን ጣደች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጡ። ጉልባኑን ቀምሰው «እንዴት አድርገሽ አለሰለስሽው? በየትኛው ውኃ ነው?» አሏት።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «በልጄ ውኃ» አለች። ስትሰግድ ውላ፣ በዚያ ቀን፣ ስለ እኔ ዋሸች።

«እንዲያ ከሆነማ እኔም ነገ ከቦኖው እቀዳለሁ» አሉ ሴትዮዋ። እስከዚያ ምንጭ ድረስ መውረድ እንደሚያደክማቸውም ነገሩን።

እኔ ከለሰለሰው ጉልባን ደግሜ ዘገንኩ።